ሽጉጥ ማሽከርከር የምትለማመዱ፣ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንዲት አማተር የኪነት ቡድን ፎካሪ ነኝ። ከዓመታት በፊት ዱላ መስበቅ ሰለቸኝና ካውቦዮቹ እንደሚያደርጉት ሽጉጥ በጣት ማሾር አማረኝ። ከእኔ በኋላ የጀመሩት ልጆች የእኔኑ ጥፋት አንድ በአንድ ሲደግሙ ሳይ ልጻፈው አልኩ።

ትልቁ ስህተት እውነተኛ መሣሪያ ማንሳት ነው። እኛ አገር መሣሪያ ብርቅ አይደለም፤ «ግድ የለም፣ ጥይቱን አውጥቼዋለሁ» የሚል አጎትም አይጠፋም። አያቴ ግን «ባዶ ጠመንጃን ሰይጣን ያጎርሰዋል» ይሉ ነበር። ሽጉጥ በጣት ሲሾር ጣታችሁ ያለው ቃታው ዘንድ ነው። አፈሙዙም በአንድ ዙር ሆዳችሁን፣ ፊታችሁን፣ አጠገባችሁ የቆመውንም ያያል። ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ጥይት ነው ብላችሁም አትዘናጉ። በ1984 እ.ኤ.አ. ጆን ኤሪክ ሄክሰም የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ በቀረጻ መሃል እንዲህ ያለ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ጆሮ ግንዱ ላይ ደግኖ ሲቀልድ፣ የባሩዱ ግፊት ብቻውን ለሞት አበቃው። ሕጉም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ እንጨት።

እንጨት ስል ግን የልጆች ፕላስቲክ አይሁን። እሱ ላባ ነው፤ አንዴ ዞሮ ይቆማል። በ1873 እ.ኤ.አ. የወጣው የካውቦዮቹ ኮልት፣ ያ ስድስት ጎራሹ፣ ባዶውን አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የሚያዞረውም ያ ክብደት ነው። እኔ ከወይራ አስጠረብኩ። የመጀመሪያው አፈሙዙ ከበደና በዞረ ቁጥር ወደ መሬት ይደፋብኝ ጀመር። አናጢው እጀታውን ሰርስሮ ሚስማር ቢሞላበት ተስተካከለ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጣት የሚገባበትን ቀለበት ጣታችሁ ላይ አንጠልጥሉት። አፈሙዙ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከወረደ ፊቱ ከብዷል፤ አፈሙዙና እጀታው ተመዛዝነው ከተንጠለጠሉ ደግ ነው። ቃታ አታስቀርጹበት፣ ጣት ይይዛል። የቀለበቱን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ እሹት፤ አለዚያ በሦስተኛው ቀን ጣታችሁ ውሃ ይቋጥራል።

ሁሉም የሚሳሳተው ደግሞ በጣቱ ሊያዞር መታገል ነው። እናቴ እንዝርት ስታሾር አይቻለሁ፤ ትገፋውና ትለቀዋለች እንጂ እየተከተለች አታዞረውም። እዚህም ጉልበቱ የሚመጣው ከእጅ አንጓ ነው። ጣት ምሰሶ ብቻ ነው። ቆልመም ካደረጋችሁት ሽጉጡን ያንቀዋል፤ ጫፉን ዝቅ ካደረጋችሁት ደግሞ ሽጉጡ ሾልኮ ይሄዳል። ቀጥ፣ ጫፉም ቀና ይበል። የጣት ቀለበት ካለ ይውለቅ። በደብረ ብርሃን ብርድ በጠዋት የሚለማመድ ሰው መጀመሪያ ትኩስ ሻይ በሁለት እጁ ይዞ ይቆይ፤ የደነዘዘ ጣት ሽጉጡ ሲያመልጠው እንኳ አያውቅም።

የት እንደምትለማመዱም አስቡ። እኔ ቡና ሲፈላ ጠብቄ፣ ለጎረቤት ልታይ ብዬ ጀመርኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ አመለጠኝ፤ ጀበናው ከአንገቱ ተቀነጠሰ፣ ቡናው ከሰሉ ላይ ፈሰሰ፣ ቤቱ በአመድ ታፈነ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ሽጉጡን አንስታ ምድጃው አጠገብ፣ ከማገዶው ጋር አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ወለሉ ላይ የመንዝ ባና አጥፌ አነጥፋለሁ። ባናው ውድቀቱን ያለሰልሳል፤ እንጨቱም አይሰነጠቅም።

አንድ እጅ ብቻ ማለማመድም ስህተት ነው፤ ግራችሁን ከመጀመሪያው ቀን አስገቡት። ሌላ የምለው የለኝም።

መድረክ ለወጣ ሰው ግን ከሁሉ የሚብሰው ማቆም አለመቻል ነው። ጀማሪ አሥር ዙር፣ ሃያ ዙር ያሾራል፤ ተመልካች ከአምስተኛው በኋላ ዓይኑን ያነሳል። ፎካሪ እንዴት እንደሚያደርግ ተመልከቱ፦ ይንጎራደዳል፣ ስንኙን ይደረድራል፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል። እልልታው የሚመጣው ያኔ ነው። እኔ አሁን «ዘራፍ!» ስል ሁለት ዙር ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ አዞርና የመጨረሻው ቃል ላይ እጀታው መዳፌ ውስጥ ልጥፍ ይላል። ይህን ለማምጣት ማሾሩን ሳይሆን ማቆሙን ብቻ ለይቼ ተለማመድኩ፤ ግማሽ ዙር፣ ያዝ፣ ግማሽ ዙር፣ ያዝ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ስታቆሙም ሽጉጡን አትዩት። ዓይናችሁ ሰው ላይ ይሁን።

ረጅም የእንጨት ጠመንጃ የሚያምራችሁ በዱላ ጀምሩ። ጠመንጃ ሰደፉ ስለሚከብድ ሚዛኑ መሃሉ ላይ አይገኝም፤ መሃሉን የያዘ ሰው ጉልበቱን ይመታል።

በመጨረሻ፣ የእንጨቱን ሽጉጥ ወገባችሁ ላይ ሸጉጣችሁ መንገድ አትውጡ። ከሩቅ የሚያይ ፖሊስ ወይም የሰፈር ጥበቃ ወይራ መሆኑን በምን ያውቃል? እኔ በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ፤ አፈሙዙንም ጫፉን ቀይ ቀብቼዋለሁ። የቡድናችን ከበሮ መቺ «ጉንፋን ይዞታል» እያለ ይስቅብኛል።