የነሐስ በር እጀታን ከቆሻሻ በላይ የሚያበላሹ የጽዳት ስህተቶች

በዓል ሲቀርብ ቤቱ ይገለበጣል። መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ይራገፋል፣ ግድግዳ ቀለም ይቀባል። መጨረሻ ላይ ዓይን በሩ ላይ ያርፋል፤ እጀታው ጠቁሯል። ከዚያ በቤት ውስጥ የተገኘው ሁሉ ይሞከራል፦ በረኪና፣ ሽቦ፣ ሎሚ፣ አመድ። እንደ እኔ ግን እጀታን ከቆሻሻው ይልቅ የሚጎዳው ጽዳቱ ነው። ስህተቶቹን ልዘርዝር።

ምን እንደሆነ ሳያውቁ መፈተግ

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ ከዚሁ ይወለዳሉ። ነሐስ የመዳብና የዚንክ ድብልቅ ነው። ገበያ ላይ ወርቃማ መልክ ያለው ሁሉ ግን ነሐስ አይደለም። አንዳንዱ እጀታ ሙሉ ነሐስ ሆኖ ምንም አልተቀባም። አንዳንዱ ሙሉ ነሐስ ነው፤ ከላይ ግን ጥርት ያለ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ሌላው ውስጡ ብረት ወይም ዚንክ ነው፤ ነሐሱ ላዩን ብቻ በስሱ የተለበጠ።

መለየቱ ቀላል ነው። ማግኔት ያስጠጉ። ከያዘ ውስጡ ብረት ነው። ካልያዘ ግን ነሐስ ነው ብለው አይቸኩሉ፤ ዚንክንም ማግኔት አይስበውም። ስለዚህ ቪቴውን በካቻቢቴ ፈትተው የእጀታውን ጀርባ በሚስማር ጫፍ ትንሽ ጫር ያድርጉት። ቢጫው ወደ ውስጥ ከቀጠለ ነሐስ ነው። ነጣ ያለ ወይም ግራጫ ነገር ብቅ ካለ የተለበጠ ነው።

ቫርኒሽ መኖሩን ለማወቅ ደግሞ በማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት የብረት ማወልወያ በነጭ ጨርቅ ያሹበት። ጨርቁ ከጠቆረ ነሐሱ ራቁቱን ነው። ጨርቁ ካልጠቆረ ቫርኒሽ አለው።

የተለበጠውና ቫርኒሽ ያለው የሚፈልጉት ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው። ሌላ ምንም። የተለበጠው ተልጦ ነጭ ነጩ መታየት ከጀመረ ደግሞ ምንም ያህል ቢፈተግ አይመለስም፤ የቀረውንም ይዞት ይሄዳል። አዲስ መግዛት ይሻላል።

በተላጠ ቫርኒሽ ላይ መወልወል

ቫርኒሹ ሲያረጅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሳት ይጀምራል። አየር በዚያ በኩል ይገባና ነሐሱ በነጠብጣብና በመስመር ይጠቁራል። እዚህ ላይ ማወልወያ ቢደፉበት የተገለጠው ቦታ ብቻ ያበራል፤ የተሸፈነው እንደጠቆረ ይቀራል። እጀታው ዝንጉርጉር ሆኖ ያርፈዋል።

ወይ ይተዉት፣ ወይ ቫርኒሹን ሙሉ በሙሉ ያንሱት። አሴቶን ወይም ቲነር ያነሳዋል። እጀታውን ከበሩ ነቅለው ይሥሩ፤ ቲነር የበሩንም ቀለም ይዞ ይነሳልና። መስኮት ይከፈት። ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ ደግሞ በጭራሽ።

በበረኪና መጥረግ

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የበር እጀታ በበረኪና መጥረግ ልማድ ሆነ። ብዙ ቤት እስካሁን አልተወውም። በበረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ነሐስን ያጠቁራል፤ ሲደጋገም ደግሞ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያበጅበታል። ሳሙናና ውሃ ይበቃል።

ነሐስ ራሱ ተህዋስያንን የሚጎዳ ብረት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. መዳብ የበዛባቸው ብረቶች ከ99.9 በመቶ በላይ ባክቴሪያን በ2 ሰዓት ውስጥ ይገድላሉ የሚለውን ማስታወቂያ ፈቅዷል። ይህ የሚሠራው ግን ራቁቱን ለሆነ ነሐስ ነው፤ ቫርኒሽ ካለ እጅዎ የሚነካው ቫርኒሹን ነው። 2 ሰዓት ደግሞ ረጅም ነው፤ በዚያ መሃል ስንት እጅ ይነካዋል። ስለዚህ ማጠቡ አይቀርም።

ሽቦና ብርጭቆ ወረቀት

የድስት ሽቦ ነሐስን ይቧጭራል። ከዚህ የከፋው ግን ተሰባብሮ የሚቀረው የሽቦ ብናኝ ነው፤ እሱ ራሱ ዝጎ ቡናማ ነጥብ ይሆናል። ጥግ ጥግ ላይ ለተያዘ አረንጓዴ ነገር ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይጠቀሙ። አመድም ቢሆን በደንብ ካልተነፋ አሸዋና የከሰል ስብርባሪ ይኖረዋል።

ሎሚውን ቀብቶ መርሳት

ሎሚና ጨው ራቁቱን ለሆነ ነሐስ በእውነት ይሠራል። ጥቁረቱን ያሟሟዋል። ችግሩ "ይቆይበት፣ የበለጠ ያጸዳዋል" የሚለው ሐሳብ ነው። አሲድ ሲቆይበት ዚንኩን ከላዩ እየበላ ያወጣና መዳቡን ብቻ ያስቀራል። ያኔ እጀታው ወርቃማ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሮዝ የሚጠጋ ቀይ ይሆናል። ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በውሃ በደንብ አለቅልቀው ወዲያው ያድርቁ፤ ጨው ከቀረበት በማግስቱ አረንጓዴ ያወጣል። ኮምጣጤና ጨው በዱቄት አቡክቶ መለጠፍም ይቻላል፤ ስለማይንጠባጠብ ለቆመ በር ይመቻል። ሰዓቱን ግን ይጠብቁ።

የመስተዋት ማጽጃ መርጨት

ብዙዎቹ የመስተዋት ማጽጃዎች አሞኒያ አላቸው። አሞኒያና ነሐስ አይዋደዱም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በክረምት ዝናብ ጊዜ ጥይቱን ፈረስ ጋጣ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። የነሐሱ ቀለህ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቅ ጀመር። ጥፋተኛው ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ የተብራራው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። የእርስዎ እጀታ አንዴ ስለተረጨ አይሰነጠቅም። ግን ለምን?

መርጨት በራሱም ስህተት ነው። ፈሳሹ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ይገባል፤ እንጨቱም ላይ ይወርዳል። ማወልወያ ከሆነ ነጭ ሆኖ ዙሪያውን ይደርቃል። ምንጊዜም ጨርቁን ያርሱ እንጂ በሩን አያርሱ። እጀታውን መንቀል ካልፈለጉ ዙሪያውን የቀለም ቀቢ ፕላስተር ይለጥፉ።

በየሳምንቱ መወልወል

ማወልወያ የሚያበራው ስስ የብረት ሽፋን እየላገ ነው። ቅርጽ ያለው የድሮ እጀታ፣ አበባም ይሁን መስመር፣ ለዓመታት ከመጠን በላይ ሲወለወል ቅርጹ ይጠፋል። ከወለወሉ በኋላ ንጹሕ ሰም በጣም በስሱ ቀብተው በደረቅ ጨርቅ ያሹት፤ ላብና እርጥበት ቶሎ አይደርስበትም። የመኪና ሰምም ይሆናል። የምግብ ዘይት ግን አይቀቡ፤ ይጣበቅና አቧራ ይሰበስባል። እንደ ጅቡቲ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች፣ ጨዋማው አየር ስለሚያፈጥነው፣ ሰሙን ቶሎ ቶሎ ማደስ ያስፈልጋል።

ደብዘዝ ያለውን መልክ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይወልውሉት። እኔ በበኩሌ እጅ የሚነካው ቦታ አብርቶ፣ ጥጉ ጠቆር ያለውን አሮጌ እጀታ ከአዲሱ አስበልጣለሁ።

ቁልፉን ዘይት ማጠጣት

እጀታው ተነቅሎ ሳለ ቁልፉ ቢከብድ ዘይት ማንጠባጠብ ይቀናናል። ለጊዜው ያለሰልሰዋል፤ ቆይቶ ግን አቧራውን ይዞ ይጋግራል። የእርሳስ ጫፍ ጥቁር ዱቄቱን ፍቀው ቁልፉ ላይ ያሹትና ደጋግመው አስገብተው ያውጡት። ሲገጥሙም ቪቴዎቹን ተራ በተራ፣ በትንሽ በትንሹ ያጥብቁ፤ አንዱን ብቻ እስከ ጫፍ ካጠበቁት እጀታው ይንጋደድና መመለሱን ያቆማል።