በጅማ ጥሩ ቡናና ጣፋጭ በትንሽ ገንዘብ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ጀበና የማይጣድበት መንደር የለም። ከከተማው ወጣ ሲባልም ጎማ፣ ጌራ፣ ማናና ሊሙ ቡና አብቃይ ናቸው። እንዲያም ሆኖ «ቡና ተወዶ መጠጣት ልናቆም ነው» የሚለው ሮሮ በየቤቱ ይሰማል። መወደዱ እውነት ነው። ነገር ግን እኔ እንደማየው የብዙ ቤት ገንዘብ የሚያልቀው በፍሬው ላይ ሳይሆን ፍሬው ከተበላሸ በኋላ ጉዳቱን ለመሸፈን በሚወጣው ላይ ነው። መራራውን ለማለዘብ ስኳር ይጨመራል፤ መዓዛ ያጣውን ለማካካስ አንድ ማንኪያ ቡና ይደገማል፤ ያልረካውን ምላስ ለመካስ ደግሞ ኬክ ይገዛል። ቀጥሎ ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶች ወደዚህ የሚመሩ ናቸው።

የተፈጨ ቡና መግዛት

ጊዜ ያጠረው ሰው ይህን ይመርጣል፤ ዋጋውም አንዳንዴ ረከስ ያለ ይመስላል። ዱቄት ግን ከምን እንደተሠራ አያሳይም። ገብስ ወይም ሽምብራ አብሮ ተቆልቶ ቢፈጭ በዓይን መለየት አይቻልም። ንጹሕ ቡና ቢሆን እንኳ ከተፈጨ በኋላ መዓዛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። ጥሬውን ይግዙ። ዋጋ ሲያነጻጽሩ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ እንደሚያጣ ያስታውሱ፤ ከኪሎው 800 ግራም ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ነው የሚተርፍዎት።

ገበያ ሲወጡ አይቸኩሉ። ሂርማታ ገበያ የቆየ ነው፤ ሻጮቹም ጥያቄ የለመዱ ናቸው። «እናቴ፣ ይህ በማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀ ነው ወይስ መሬት ላይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን እየሰሙ ግን አንድ እፍኝ አንሥተው ያሽትቱ። የአፈር ወይም የሻጋታ ሽታ ያለው ቡና መሬት ላይ የደረቀ ወይም እርጥበት ያገኘው ነው፤ ምንም ዓይነት አቆላል አያድነውም። ከዚያ አንዷን ፍሬ በጥርስዎ ነከስ ያድርጉ። ጥርስ የሚሰምጥባት ከሆነ በሚገባ አልደረቀችም፤ በቡና ዋጋ ውኃ እየገዙ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ፍሬውን በመዳፍዎ ዘርግተው ጥቁሩን፣ የተበሳውንና የተሰባበረውን ይዩ። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ዓመታት ሲከለከል ስለኖረ፣ ወደ እኛ ጀበና ሲመጣ የቆየው በአብዛኛው ከምርጡ የተረፈው ነው። ስለዚህ እቤት ሰፌድ ላይ ዘርግቶ መልቀም ግድ ይላል። ጥቂት የሻገቱ ፍሬዎች የአንድ ጀበና ጣዕም ያበላሻሉ።

ለስም መክፈል

«የሊሙ ነው» ሲባል ዋጋ ይጨምራል። ሊሙ በታጠበ ቡናው (ቀዩ ልጣጭ ተፈልፍሎ ፍሬው በውኃ ታጥቦ በሚደርቀው) የታወቀ ነው፤ ዝናውም ይገባዋል። ጥሩ ቦታ የበቀለ ቡና ግን በመጥፎ አያያዝ ይበላሻል። የዝርያ ስምም እንደዚሁ ነው። መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎች የተመረጡት የቡና ፍሬ በሽታን እንዲቋቋሙ ነው። ቁጥሩ ፍሬው ቀይ ሆኖ መለቀሙን ወይም በአግባቡ መድረቁን አይነግርዎትም። አፍንጫዎን ይመኑ።

አሳርሮ መቁላት

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ገበሬው ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ነጋዴው ተሸክሞ ያመጣውን ፍሬ በመጨረሻዋ ሁለት ደቂቃ ከሰል እናደርገዋለን። ያረረ ቡና ከየትም ይምጣ ከየት ጣዕሙ አንድ ነው፤ ምሬት። ጥቁር ቡና «ጠንካራ» ነው የሚለው እምነትም ልክ አይደለም፤ ካፌይኑ በማሳረር አይጨምርም።

ምጣዱን ከመጀመሪያው አያግሉት። ፍሬው እርጥበቱን ሲጨርስ ከአረንጓዴነት ወደ ቢጫነት ይለወጣል፤ ሽታውም የሣር መሆኑ ቀርቶ የሚጋገር ዳቦ ይመስላል። እዚህ ላይ ማማሰያው ለአፍታም መቆም የለበትም፤ ያለዚያ አንዱ ፊት ያርራል፣ ሌላው ጥሬ ይሆናል። ቀጥሎ ፍሬው መንጣጣት ይጀምራል። ያ ድምፅ ጋብ ሲልና መልኩ ደማቅ ቡናማ ሲሆን ማውጣት ነው። ላዩ በቅባት እስኪያብረቀርቅ የጠበቀ ሰው አልፎታል። ምጣዱን አውርዶ ፍሬውን እዚያው መተውም ያው ማሳረር ነው፤ ብረቱ በራሱ ግለት መቁላቱን ይቀጥላል። ወዲያው ሰፌድ ላይ ገልብጠው ያናፍሱት። ጭሱን ለእንግዶች ማዞር ደስ የሚል ባህላችን ነው፤ ግን ቶሎ ይዙርና ወደ ሰፌዱ ይመለስ። በመካከሉ ሳይቀላ ፈዝዞ የቀረ ፍሬ ካዩ ሳይበስል የተለቀመ ስለሆነ አውጥተው ይጣሉት።

ስኳሩን ከሒሳብ አለማስገባት

አንድ ሰው አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥቶ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨምር ስድስት ማንኪያ ነው፤ አንዱን ማንኪያ 4 ግራም ብንለው 24 ግራም። አምስት ሰው ሲሆን 120 ግራም፣ በየቀኑ ከሆነ በወር 3.6 ኪሎ። ይህ ገንዘብ የተሻለ ጥሬ ቡና ይገዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል እንደሚሻል ይመክራል፤ ቡናው ብቻውን ያን ጨረሰው ማለት ነው። በደንብ የተለቀመና በልክ የተቆላ ቡና በግማሽ ማንኪያ ይጠጣል። በገጠር አሁንም በጨው ወይም በቅቤ የሚጠጡ አሉ፤ ቡና ያለ ስኳር አይሆንም ያለ ማንም የለም።

ጀበናውን ማጣደፍ

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ለቡና ተስማሚ ሙቀት ስለሆነ ውኃው «በጣም ፈላ» ብሎ መስጋት አያስፈልግም። ችግሩ አተላው ሳይዘቅጥ መቅዳት ነው። ጀበናውን አጋደም አድርገው ጥቂት ደቂቃ ያሳርፉት። ዱቄቱ ስኒ ውስጥ ሲገባ ይመራል፤ መራራውም ወደ ስኳር ዕቃው ይመልስዎታል።

ለብቻ ማፍላት

ለሁለት ሰው ሙሉ የከሰል ምድጃ ማቀጣጠል ትልቅ ብክነት ነው። ቀድሞ ጎረቤታሞች ተራ ገብተው ያፈሉ ነበር፤ ዛሬ እትዬ፣ ነገ እኔ፣ ከነገ ወዲያ ባሻገር ያለው ቤት። ከሰሉም ቡናውም ይከፈላል፤ የቡና ቁርሱን ደግሞ ሌላው ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ቆሎ፣ አንዱ ፋንዲሻ፣ አንዱ ዳቦ። ይህ ልማድ በየግቢው እየሳሳ መሄዱ ያሳስበኛል። መልሰው ቢጀምሩት የወጪው መቀነስ በወር ውስጥ ይታያል።

በጣፋጭ ላይ የሚፈጸሙት

አንደኛው ሁሉንም በአንድ ጊዜ መፈለግ ነው። ማኪያቶ፣ ኬክና ጭማቂ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀርቡ አንዱ የሌላውን ጣዕም ይገድለዋል። በኬክ ቤት ኬኩን ይብሉ፤ ቡናውን መንገድ ዳር ከምታፈላው እህት ይጠጡ። ወንበሩ ዱካ ቢሆንም ቡናው ዓይንዎ እያየ ይቆላል።

ሁለተኛው ሰዓት አለማየት ነው። ቦምቦሊኖና ፓስቲ የማለዳ ነገሮች ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ዘይቱ ቀዝቅዞ ሊጡ ይደድራል። የቀረ ካለ ደረቅ ምጣድ ላይ ለአፍታ ማሞቅ በመጠኑ ያድነዋል።

ሦስተኛው ማርን በመልኩ መናቅ ነው። የጅማ ዙሪያ ደን የማር አገር ነው። ከጌተም አበባ የሚገኘው ነጭ ይሆናል፤ ከብሳና የሚመጣው ጠቆር ይላል። ማር ሲረጋ ብዙዎች «ስኳር ተቀላቅሎበታል» ብለው ይሸሻሉ፤ መርጋት ግን የንጹሕ ማርም ጠባይ ነው። በሙቅ ውኃ ውስጥ ዕቃውን ቢያስቀምጡት ይቀልጣል። ትኩስ ድፎ ዳቦ ላይ የተቀባ አንድ ማንኪያ ማር ከብዙ ኬክ የበለጠ የቡና ቁርስ ነው።

በዓል ሲደርስ ደግሞ ባቅላቫ፣ ሙሸበክና ሐላዋ በኪሎ ይገዛሉ። በሩብ ኪሎ ጀምረው በትንንሹ ይቁረጡት። ሐላዋና ባቅላቫ ብዙ ስኳር ስላላቸው ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ቀናትን ይቆያሉ፤ ለብዙ ቡና ይበቃሉ። ክሬም ያለበትን ኬክ ግን የሚበሉትን ያህል ብቻ ይግዙ፤ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት።