ስኖውቦርድ ስትመርጡ ከሥዕሉ በፊት ጎኑን እዩት

ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና አውሮራ አካባቢ የምንኖር አበሾች ጥቂት አይደለንም። ተራራው ደግሞ መኪና ላለው ሰው ሩቅ አይደለም፣ ማለዳ ተነስቶ አይ 70 አውራ ጎዳና ላይ መውጣት ነው። ስኖውቦርድ ሁለቱም እግር ታስሮበት፣ በጎን ቆመው በበረዶ ቁልቁለት ላይ የሚንሸራተቱበት አንድ ሰሌዳ ነው። የበረዶው ወቅት በመጣ ቁጥር "ቦርድ ልገዛ ነው፣ የቱን ልውሰድ?" የሚለኝ ሰው አላጣም። አንዳንዱ ሲደውልልኝ ግን ቀድሞ ገዝቷል። ከልቤ አዝናለሁ፣ ምክንያቱም ዓይኑን የማረከው ቦርድ ለእግሩ ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቦርዱን ከላይ ብቻ ማየት ነው። ሱቅ ውስጥ ቦርዶች ግድግዳ ላይ ተደርድረው ስለሚቆሙ የምናየው ሥዕሉንና ቀለሙን ነው። አውርዱትና ወለል ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ በጎኑ እዩት። መሃሉ ከወለሉ ከፍ ብሎ መሬት የሚነካው ወደ ሁለቱ ጫፎች አካባቢ ብቻ ከሆነ ካምበር ነው። ድልድይ በሉት። መሃሉ መሬት ነክቶ አፍንጫውና ጅራቱ (የፊትና የኋላ ጫፎቹ) ቀስ እያሉ ወደ ላይ ከተነሱ ደግሞ ሮከር ነው፣ ጣና ላይ እንዳለችው የደንገል ታንኳ። ይህች ጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ነች ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደምትውሉ የምትወስነው።

ድልድዩ ላይ ስትቆሙ ክብደታችሁ መሃሉን ይጫነዋል፣ ግፊቱም ወደ ሁለቱ ጫፎች ይከፋፈላል። ስለዚህ ስትታጠፉ የቦርዱ የብረት ጠርዝ በሙሉ ርዝመቱ በረዶውን ይነክሳል። ስትለቁት ደግሞ እንደ ስፕሪንግ ተመልሶ ያነሳችኋል፣ መዝለል የሚወዱ ልጆች ካምበር የማይለቁትም ለዚህ ነው። ግን ይቅር አይልም። ቦርዱን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ተዘናግታችሁ ስትንሸራተቱ ያ የተጫነው ጫፍ ድንገት በረዶው ውስጥ ይሰካና ሳታስቡት መሬት ላይ ናችሁ። ታንኳው ላይ ግን ግፊቱ እግራችሁ ሥር ይሰበሰባል፣ ጫፎቹ አየር ላይ ናቸው። በቀላሉ ይዞራል፣ በጥልቅ በረዶ ላይም አፍንጫው አይሰምጥም። በፍጥነትና በጠጣር በረዶ ላይ ግን ይዋልላል።

ከዚህ ተነስቶ ነው ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው፦ "ሮከር ለጀማሪ፣ ካምበር ለጎበዝ" የሚለው። እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቦርድ ማለት ከሞላ ጎደል ካምበር ማለት ነበር። ከዚያ ሼን ማኮንኪ የሚባለው የበረዶ ሸርተቴ ሰው ያሰበው ቮላንት ስፓቹላ የሚባል ስኪ (በየእግሩ አንድ አንድ የሚታሰር ሸርተቴ) መጣ፣ ወደ ላይ የተቀለበሰ፣ ለጥልቅ በረዶ ብቻ የታሰበ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሊብ ቴክ የሚባለው ድርጅት ስኬት ባናና የሚባለውን ስኖውቦርድ አወጣ። ስሙ እንደሚለው ቦርዱ እንደ ሙዝ የተቆለመመ ነው። ጀማሪዎች ወደዱት፣ ሻጮችም "ለጀማሪ ይኼ ነው" ማለት ለመዱ። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት እውነት ነው። እኔም የጀመርኩት ለስላሳ ሮከር ላይ ነው፣ መዞር ቶሎ ለመድኩ። ችግሩ የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። ቦርዱ ሁሉን ነገር ይቅር ስለሚለኝ ጠርዝ ላይ መቆም በትክክል ሳልማር ቀርቼ ነበር፣ አንድ ጠዋት ሌሊቱን የበረደ ቁልቁለት ላይ ቦርዱ ምንም ሳይነክስ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ፣ የእጄ አንጓ ለሳምንታት አመመኝ። ዛሬ ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው። በሁለቱ እግሮች መካከል ካምበር ያለው፣ ጫፎቹ ጋ ብቻ ትንሽ ቀና ያለ፣ ለስላሳ ቦርድ። ይነክሳል፣ ግን አይጥልም።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ይህን ብዬው የሄደ ሰው "ሃይብሪድ ስጡኝ" ይላል። ሃይብሪድ ግን ሁለት ተቃራኒ ነገር ነው። አንዱ አሁን ያልኩት ነው፣ መሃሉ ካምበር ጫፎቹ ሮከር። ሌላው ግልባጩ ነው፣ በእግሮች መካከል ሮከር፣ እግር ሥር ደግሞ ትንንሽ ካምበር። ሁለተኛው የታንኳውን ጠባይ ይዞ ትንሽ ንክሻ የተጨመረለት ነው፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን ሌላ ዕቃ ነው። ሁሉም ድርጅት ደግሞ የራሱን ስም ይለጥፍበታል። ስሙን ተዉትና ወለሉ ላይ አስቀምጡት።

ሌላው ስህተት የሌላ አገር በረዶ ቦርድ መግዛት ነው፣ ይኼኛው በተለይ ያንገበግበኛል። ቅርጽ ሁሉ ከአንድ በረዶ ነው የተወለደው። ሸርማን ፖፐን በ1965 ሚሺጋን ውስጥ ሁለት ስኪ አጣብቆ ለልጆቹ ስነርፈር የሚባለውን የስኖውቦርድ ቅድመ አያት ሲሠራ ሐሳቡ የጓሮ ጉብታ ላይ መጫወቻ ነበር። በ1970ዎቹ ዲሚትሪ ሚሎቪች ዩታ ውስጥ ዊንተርስቲክ የሚባሉትን ቦርዶች ሲሠራ ግን ያየው የሮኪ ተራሮችን ጥልቅ ዱቄት በረዶ ነው፣ ስለዚህ ጅራቱን እንደ ሰርፍ ቦርድ፣ እንደ ወፍ ጅራት ሰነጠቀው። የተሰነጠቀው ጅራት ይሰምጣል፣ አፍንጫው ይነሳል። ጃፓን ውስጥ ታሮ ታማይ የመሠረተው ጀንተምስቲክ የሚባለው ቦርድ ሠሪም እንዲሁ የኒሴኮ ተራራ ጥልቅ በረዶ ልጅ ነው። ቦርዶቹ ያምራሉ፣ እኔም ቆሜ አያቸዋለሁ። ቨርሞንት የሚኖር፣ አብዛኛውን ቀን በተጠቀጠቀና በጠጠረ በረዶ ላይ የሚውል ሰው ግን አንድ ቦርድ ብቻ ሊኖረው ከሆነ ይህን መግዛት የለበትም። እኛ ኮሎራዶ ደረቅ ዱቄት በረዶ አለን እንላለን፣ እውነት ነው። ግን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስትደርሱ ሌላው ሰው ሁሉ ሄዶበታል። ብዙ የምትነዱት ያንን የተረገጠውን ነው፣ ምርጫችሁም ለእሱ ይሁን።

ጅራቱ ከአፍንጫው የሚጠብ ቦርድ የገዛችሁ ደግሞ ቢንዲንጉን (ጫማችሁን ቦርዱ ላይ የሚይዘውን ማሰሪያ) የት እንደምታስሩት ተጠንቀቁ። እንዲህ ያለው ቦርድ የእግር መቆሚያው ሆን ተብሎ ወደ ኋላ የተሳበ ነው። ብዙ ሰው በሜትር ለክቶ ልክ መሃሉ ላይ ያስራል። ያኔ ካምበሩም፣ ጎኑ መሃል ላይ የሚቀጥንበት ቦታም እግራችሁ ጋ አይገጥምም፣ ሰውዬው ግን ቦርዱን ይረግማል። ቦርዱ ላይ የተመለከተውን የመቆሚያ ምልክት ተከተሉ።

"ቁመቱ አገጭህ ጋ ከደረሰ ልክህ ነው" የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ቦርዱ ግን ቁመታችሁን አያውቅም፣ የሚያውቀው ክብደታችሁን ነው። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ 60 ኪሎ ሌላው 90 ኪሎ ቢሆኑ አንድ ቦርድ አይሆናቸውም። ቀላሉ ሰው ጠንካራውን ድልድይ ተጭኖ ማጎንበስ አይችልም፣ ካልጎነበሰ ደግሞ አይታጠፍም። የአምራቹን የኪሎ ሰንጠረዥ እዩ። ስፋቱንም አትርሱ። የጫማ ቁጥራችሁ በአውሮፓ መለኪያ 44 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወገቡ (መሃል ላይ ያለው ስፋቱ) 26 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ቦርድ ፈልጉ፣ አለዚያ ስትታጠፉ የጫማችሁ ጫፍ በረዶውን ይጭራል። እንደ ራይድ ዋርፒግ ያሉት አጭርና ሰፊ ቦርዶች ይህን ይፈታሉ፣ ከለመዳችሁት ርዝመት አጠር ያለውንም መውሰድ ትችላላችሁ። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሲገለበጡ ግን ዘገም ይላሉ፣ ይህን አውቃችሁ ግዙ።

ጠርዙ እንደ ዳቦ ቢላ ሞገድ የሚሠራውን ማግነትራክሽንና መሰሎቹን አይታችሁ "እንግዲህ መሳል ቀረ" አትበሉ። ሞገዱ ጠጣር በረዶ ላይ ይረዳል፣ ከደነዘዘ ግን ያው ደነዘዘ ነው።

አሮጌ ቦርድ ከሰው ስትገዙ ካምበሩ በሕይወት መኖሩን ሳታዩ ብር አትክፈሉ። ካምበር በዕድሜና በብዙ ዝላይ ይደክማል። ወለል ላይ አስቀምጡት፣ በሁለቱ እግሮች መካከል ባለው ቦታ ሥር ወረቀት አሳልፉ። አዲስ ሳለ ካምበር የነበረ ቦርድ ወረቀት የማያሳልፍ ከሆነ አልቆለታል። ካለፈ ደግሞ መሃሉን በእጃችሁ ተጫኑትና ልቀቁት፣ ቶሎ ተመልሶ ከተነሳ ገና ጉልበት አለው። ከዚያ ወዲያ ነው ስለ ዋጋው የምታወሩት።