ዲስኩን «ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት፦ የቲቪ ቀረጻ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አክስቴ ከአሜሪካ የልጇን ሰርግ ዲቪዲ ይዛ መጣች። ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ማጫወቻው ግን «ኖ ዲስክ» ብሎ ቁጭ። ሲዲ ቤት ብወስደው ልጁ አገላብጦ አየውና «ሞቷል» አለኝ። አልሞተም ነበር።

ዲስኩ የቀረጸው ማሽን ላይ ይሠራል፣ ሌላ ላይ አይከፈትም

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፋይናላይዝ አለመደረጉ፣ ማለትም ቀረጻው ሲያልቅ ዲስኩ አለመዘጋቱ ነው። የዲቪዲ መቅረጫ ነገ ሌላ ነገር ትጨምሩበት እንደሆነ ብሎ ዲስኩን ክፍት ይተወዋል። ስለዚህ ሌላ ማጫወቻ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅበት ማውጫ አያገኝም። ወደ ቀረጸው ማሽን መልሱትና ከሜኑው «ፋይናላይዝ» በሉት፤ በመሃል መብራት እንዳይጠፋ ብቻ ጸልዩ። የእኛ ማሽን አሜሪካ ስለቀረ አይሶበስተር በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው ቪዲዮውን ያወጣነው።

ይከፈታል፣ ግን ጥቁርና ነጭ ነው ወይም ምስሉ ይንከባለላል

የቲቪ ምስል አሠራር እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካ የተቀረጸ ዲስክ ኤንቲኤስሲ የሚባለው ነው፦ 480 መስመር፣ በሴኮንድ 30 ምስል ገደማ። የእኛ ፓል ደግሞ 576 መስመርና 25 ምስል። የድሮ ከባድ ቲቪ ካላችሁ ማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ቲቪ ሲስተም» የሚለውን ፓል አድርጉት። ሰው ይሄን ከሪጅን ኮድ ጋር ያምታታዋል። ሪጅን (አሜሪካ 1፣ አውሮፓና ገልፍ 2፣ ኢትዮጵያ 5) ተገዝቶ የሚመጣ ፊልም ላይ ያለ ቁልፍ ነው። ቤት የተቀረጸ ሰርግ ላይ የለም።

ባዶ ዲስክ ገዛሁ፣ መቅረጫው አልቀበልም አለ

ባዶ ዲቪዲ ሁለት ዓይነት ነው፤ ማይነስ አር (DVD-R) እና ፕላስ አር (DVD+R)። ሁለቱም 4.7 ጊጋ ይይዛሉ፣ መልካቸውም አንድ ነው፤ የድሮ መቅረጫ ግን አንዱን ብቻ ሊወድ ይችላል። ማሽኑ ፊት ላይ ያለውን ምልክት አይታችሁ ግዙ። አንዱ ዲስክ ላይ 6 ሰዓት ማጨቅም ይቻላል፣ ግን ምስሉ እንደ ድሮ የዴክ ካሴት ይሆናል። 2 ሰዓት ይበቃዋል።

ሪሲቨሩ ፍላሽ ላይ እየቀረጸ መሃል ላይ ይቆማል

ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 (FAT32) በሚባለው አሠራር ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ አያልፍም። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚመጣ ኤችዲ ቻናል ደግሞ በሰዓት 3.6 ጊጋ ይበላል። ኳስ እየቀረጻችሁ ከሆነ ዋናው ጎል ሳይገባ አለቀ ማለት ነው። ፋይሉን ራሳቸው የሚከፋፍሉ ሪሲቨሮች አሉ፤ የእናንተው ካልቻለ ትልቅ ፋይል የሚችለውን ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) የሚባል አሠራር የሚቀበል መሆኑን አይታችሁ ፍላሹን በዚያ ፎርማት አድርጉ። ፎርማት ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አትርሱ። ቀረጻው እየተቆራረጠ ከሆነ ግን ፍላሹ ቀርፋፋ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ይሻላል።

ታይመር ሞላሁ፣ ሌላ ፕሮግራም ቀረጸልኝ

ይሄኛው የእኛው የራሳችን ጣጣ ነው። እማዬ የምሽት 2 ሰዓቱን ዜና ልታስቀርጽ 02:00 ብላ ሞላች። ሪሲቨሩ ታዝዞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነሳና የልብስ ማስታወቂያ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀረጸላት። ሪሲቨሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእኛው ሰዓት ላይ ለጠዋትና ለቀን 6 ደምሩ፣ ለማታ እስከ እኩለ ሌሊት 18 ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ሌሊት 6 ቀንሱ። 12 ሰዓት ብቻ ለየት ይላል፤ የጠዋቱ 06:00፣ የማታው 18:00 ነው። የምሽት 2 ሰዓት 20:00 ነው። ይሄን አስተካክላችሁም ቀረጻው ልክ ሁለት ሰዓት ከዘገየ የሰዓት ክልሉን እዩ፤ +1 ላይ ሆኖ ይሆናል፣ የእኛ +3 ነው። «ሰመር ታይም» የሚለውንም አጥፉት፣ እኛ ጋ በጋ ክረምት ሰዓት አይቀየርም።

እየቀረጸ ሌላ ቻናል ማየት አልቻልኩም

ብልሽት አይደለም። አንድ ቱነር (ቻናል የሚይዘው ክፍል) ያለው ሪሲቨር በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ፣ እየቀረጸ የሚያሳያችሁ እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉትን ቻናሎች ብቻ ነው። ይሄ ካስጠላችሁ ሁለት ቱነር ያለው ግዙ፣ ዲሹ ላይም ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) አስገጥሙ።

አሁን አዲስ ልግዛ ለሚል ሰው፣ የዲቪዲ መቅረጫ አትግዙ ነው የምለው። ፍላሽ ላይ የሚቀርጽ ሪሲቨር ይበቃል። ብቻ ካርቶኑ ላይ «ፒቪአር» (PVR፣ ይቀርጻል ማለት ነው) ስላለ አትመኑ። አንዳንድ ሪሲቨርና ብዙ ስማርት ቲቪ ቀረጻውን ቆልፈው ከራሳቸው ሌላ ማንም እንዳይከፍተው ያደርጋሉ። የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ አምስት ደቂቃ አስቀርጹ፣ ከዚያ ላፕቶፕ ላይ ክፈቱት። ሻጩ ፊቱን ቢያጨማድድም ታገሱት፣ ካልተከፈተ ገንዘባችሁ ገና ኪሳችሁ ውስጥ ነው።