ሐረጎ ላይ የሚያፈላ ሞተር፦ ቴስታታ ከመውረዱ በፊትና ሲመለስ

ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ሲሠራ የዋለ መኪና፣ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲጀምር ውሃ ያፈላል። አሽከርካሪው ዳር ይዞ ኮፋኖውን ይከፍታል፣ ውሃ ይጨምራል፣ ጉዞውን ይቀጥላል። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም «ቴስታታው ይውረድ» ይባላል፤ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚደፍነው የሞተሩ ክፍል ማለት ነው። እኔ ቴስታታ የማወርደው ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ ነው። ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ያቃጠለው ሙቀት ከየት እንደመጣ ካልታወቀ አዲሱም ይቃጠላል።

ምልክት፦ የሚያፈላው ዳገት ላይ ብቻ ነው

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሽቅብ ከ500 ሜትር በላይ ያስወጣል። ደሴ ላይ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ ላስቲኩ የደረቀ ወይም ሞላው የደከመ ክዳን ደሴ መዳረሻ ላይ ጉድ ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን ለውጡ፣ ቺንጊያውን አጥብቁ፣ ራዲያተሩን አጽዱ። ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተውን ቴርሞስታት አውጥታችሁ ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር አሙቁት፤ ላዩ ላይ በተጻፈው ዲግሪ መከፈት መጀመር አለበት። እስከ መጨረሻው እንዲከፈት ግን አትጠብቁ፤ በእኛ ከፍታ ውሃው ቀድሞት ይፈላል። ብዙ ደህና ቴርሞስታት በዚህ ምክንያት ተጥሏል።

ምልክት፦ ራዲያተሩ አረፋ ይተፋል

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈቱና አስነሱ። አረፋው ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ የላይኛው ቱቦ ገና ሳይሞቅ ከጠነከረ፣ የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ነው። መንስኤው የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው።

ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚወጣው ነጭ ጭስ ግን ያሳስታል። በደሴ ብርድ ጠዋት ላይ ነጭ እንፋሎት ማየት የተለመደ ነው። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋና ውሃው እየጎደለ ከሄደ ነው ሥጋቱ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካያችሁ ሞተሩን አታስነሱ፤ ውሃ የገባበት ዘይት የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ብሮንዚን ያስበላል።

ምልክት፦ ጓርኒሲዮን ተለውጦም ያፈላል

ባለፈው ክረምት አንድ የሚኒባስ አሽከርካሪ «ጋሼ፣ ካስለወጥኩት ገና ሦስት ሳምንቱ ነው» ብሎ መጣ። ቴስታታውን አውርጄ ገለበጥኩት። ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበት ፊቱ ላይ በመፍጫ ሞላ የተፋቀበት ክብ ክብ ጭረት ነበር፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ደግሞ የክብሪት እንጨት የሚያክል ጥቁር የቃጠሎ መስመር ነበር። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድሜ 0.15 ሚሊ ሜትር ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) ከሥሩ ሳስገባ ምንም ሳይነካው አለፈ። በብዙ የቤንዚን ሞተሮች ላይ የሚፈቀደው 0.05 አካባቢ ነው። «አብሽር፣ ብሎኩ ደህና ነው» አልኩት፤ ብሎክ ሲሊንደሮቹ ያሉበት የታችኛው የሞተር አካል ነው። ከዚያ ቴስታታውን ለማስላጥ ወደ ቶርኖ ቤት ላክን።

መፍትሄው ከማውረዱ ይጀምራል። ሞተሩ አድሮ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ሳለ የተፈታ አሉሚኒየም ይጣመማል። ቦሎኖቹን ከዳር ወደ መሃል፣ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ፍቱ። ቴስታታው ከተጣበቀ ካቻቪቴ በመካከሉ አትክተቱ፤ አንድ ጭረት ለግፊት መንገድ ትከፍትለታለች። ፊቱን በረጅሙ፣ በአጭሩና ከማዕዘን ማዕዘን ለኩ፤ ስንጥቅ ካጠራጠራችሁ በግፊት ይፈተሽ። አሮጌውን ጓርኒሲዮን በእጅ ቀስ ብላችሁ ፋቁ እንጂ መፍጫ ሞላ አታስነኩት፤ አሉሚኒየሙን ይሰረጉዳል፣ ዱቄቱም ዘይት ውስጥ ይገባል። ሲሊንደሮቹን በንጹህ ጨርቅ ድፈኑ።

ሲመለስ ብዙ ሰው የሚዘለው የቦሎን ቀዳዳዎችን ማጽዳት ነው። ከታቻቸው ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ቦሎኑ ፈሳሹን ይገፋል፤ ቁልፉ «ጠበቀ» ይላል፣ ቴስታታው ግን አልተጫነም። ብሎክ የሚሰነጠቅበት ጊዜም አለ። በአየር ንፉና አድርቁ። በማዕዘን የሚጠብቁ፣ ማለትም ከጠበቁ በኋላ በተወሰነ ዲግሪ የሚዞሩ ቦሎኖች ስለሚለጠጡ ርዝመታቸውን ለኩ፤ ከማኑዋሉ ልክ ካለፉ ይለወጡ፣ አንዳንዶቹ ከነጭራሹ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግሉት። የጓርኒሲዮኑን ላይና ታች አረጋግጡ፤ ማኑዋሉ ካላዘዘ ማጣበቂያ አትቀቡ።

ቦሎኖቹ የሚጠብቁት ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ መጠኑም የዚያው ሞተር ማኑዋል የሚያዘው ይሁን። በእጅ ግምት አይሆንም፤ እጅ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ማዕዘን የሚጠይቅ ከሆነ በየቦሎኑ ራስ ላይ ቀለም ነጥቡ፤ ያልዞረው ወዲያው ይታያል። ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ተናበው እንዲሠሩ የሚያደርጉትን የታይሚንግ ምልክቶች ገጣጥማችሁ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። አንድ ቦታ ከነካ ቫልቭ ከፒስተን እየተጋጨ ሊሆን ስለሚችል አታስገድዱት፤ ታይሚንጉን እንደገና እዩ።

አዲስ ዘይት፣ አዲስ ፊልትሮና ኩላንት ሙሉ። የውስጥ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርጉ፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ቴርሞስታቱ እስኪከፈትና አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ሞተሩ ይሥራ። ከዚያ ወደ ሐረጎ ውጡ፤ ዓይናችሁ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ። በማግስቱ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት የውሃውን ልክ እዩ፤ ጥቂት ቢጎድል የቀረ አየር ነው፣ ሙሉት። በሦስተኛው ቀንም ከጎደለ ወደ አረፋው ፍተሻ ተመለሱ።