ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት፦ ዲኤንዲ ላይ ሉት ሳንኮራረፍ እንዴት እንካፈል

ዲኤንዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ታሪክ እየፈጠርን የምንጫወተው ጌም) ላይ ድራጎን ፊት አንድ ላይ ሲዋደቅ ያመሸ ፓርቲ (የተጫዋቾቹ ቡድን) ሉቱ፣ ማለትም የተገኘው ሀብት ያለበት ሳጥን ሲከፈት ይኮራረፋል፣ ይሄ የትም አገር ያለ ነገር ነው። እኛጋ ግን፣ እዚህ ጎንደር ፒያሳም ይሁን ማራኪ አካባቢ ተሰባስበን ስንጫወት፣ ጭቅጭቁ ብዙ ጊዜ በስስት አይደለም የሚመጣው። በይሉኝታ ነው። ዲኤሙ (ታሪኩን የሚመራው ሰው) "አስማት ያለበት ቀለበት አገኛችሁ" ይላል፣ ሁሉም ዝም ይላል፣ አንዱ ደፈር ብሎ "እኔ ልያዘው?" ይላል፣ ሌላው ቀለበቱን ከማንም በላይ እየፈለገው "ግዴለም አንተ ውሰደው ባክህ" ይልና ከዛ በኋላ ሆዱ እንደሻከረ ይጫወታል፣ አንድ ቀን ደግሞ በማይረባ ነገር ይፈነዳል። በተለይ በእድሜ ትንሽ የሆነ ልጅ ወይም አዲስ የገባ ሰው ከሆነ ጭራሽ አይናገርም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ አላማው አንድ ነው፣ ማንም የሚገባውን ለማግኘት አፉን ከፍቶ መለመን እንዳይኖርበት።

መጀመሪያ ነገር ሳጥን ሳይታይ ተስማሙ። ሰይፉ ከተገኘ በኋላ የሚወጣ ህግ ለአንዱ ያደላ ይመስላል፣ ባያደላም ይመስላል። ካምፔይኑ (ለብዙ ቀን የሚቀጥለው ታሪክ) የሚጀመር ቀን ካራክተር (እያንዳንዱ ሰው የሚጫወተውን ገጸ ባህሪ) እየሠራችሁ፣ ቡናው እስኪፈላ ባለው ጊዜ ያልቃል እኮ፦ ሳንቲም እንዴት ይከፈላል፣ አይተም (እንደ ሰይፍና ቀለበት ያለ እቃ) ማን ይወስዳል፣ የቀረ ሰው ድርሻ አለው ወይ፣ ካራክተር ሲሞት እቃው ወዴት ይሄዳል፣ ፓርቲ ውስጥ መሰራረቅ ይፈቀዳል ወይ። የተስማማችሁበትን ደብተር ላይ ጻፉት። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ መብራት ይሄዳል፣ ደብተር ግን ጠረጴዛው ላይ አለ። ደብተሩን የሚይዘው ዲኤሙ ባይሆን ይሻላል፣ ከተጫዋቾቹ አንዱ ይያዘው፣ ሁሉም ሰው ደግሞ በፈለገው ሰዓት ገልጦ ማየት ይችል።

ትንሽ ወደኋላ ብንሄድ፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጌሙን በ1974 በፈረንጆቹ ሲያወጡት ወርቅ ራሱ ኤክስፒ (ካራክተሩን ወደሚቀጥለው ሌቭል፣ ማለትም ደረጃ የሚያሳድግ ነጥብ) ነበር፣ ይዛችሁት የወጣችሁት አንድ ጎልድ አንድ ኤክስፒ ይሆናል፣ ስለዚህ ያኔ ሳንቲም መካፈል ማለት ሌቭል መካፈል ነበር። በ2014 በፈረንጆቹ በወጣው አምስተኛው ኤዲሽን (እትም) ግን እንደዛ አይደለም፣ ሌቭል የሚመጣው ጠላት በማሸነፍ ወይም ታሪኩ የሆነ ቦታ ሲደርስ ነው። ሳንቲሙ ዋጋው ሲቀንስ ጠቡ ወደ ማጂክ አይተም (አስማት ያለበት እቃ) ዞረ። ለዚህ ነው ሳንቲምና አይተም በአንድ ህግ መከፋፈል የሌለባቸው።

ሳንቲሙ ቀላል ነው። ሁሉንም ወደ ጎልድ ቀይሩት፦ 100 ኮፐር 1 ጎልድ፣ 10 ሲልቨር 1 ጎልድ፣ 2 ኤሌክትረም 1 ጎልድ፣ 1 ፕላቲነም ደግሞ 10 ጎልድ። ከዛ በሰው ቁጥር ሳይሆን በሰው ቁጥር ሲደመር አንድ አካፍሉት፣ ያቺ ተጨማሪዋ ድርሻ የጋራ ኪስ ናት። ለምሳሌ አምስት ሆናችሁ 1340 ኮፐር፣ 620 ሲልቨርና 85 ጎልድ አገኛችሁ እንበል። ሲቀየር 160 ጎልድ ከ4 ሲልቨር ነው። ለስድስት ሲካፈል 26 ጎልድና ትንሽ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ሰው 26 ይወስዳል፣ የቀረው 30 ጎልድ ከ4 ሲልቨር ከነሽርፍራፊው ወደ ጋራ ኪስ ይገባል። ስለሽርፍራፊ የሚጨቃጨቅ ሰው አይኖርም። ክብደቱንም እዩት፣ በህጉ 50 ሳንቲም አንድ ፓውንድ ስለሆነ ይሄ ሁሉ ወደ 41 ፓውንድ፣ በኛ 18 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ተሸካሚው ማን እንደሆነ ተነጋገሩ፣ ጉልበት ያለው ፋይተር (ተዋጊ ካራክተር) ሁሌ ሲሸከም ማመስገን ነው እንጂ ተጨማሪ ድርሻ አያስፈልገውም።

የጋራ ኪሱን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት፣ ፓርቲውን በህይወት የሚያቆየው እሱ ነው። ሂሊንግ ፖሽን (ቁስል የሚፈውስ የሚጠጣ መድሀኒት) 50 ጎልድ ነው። አይደንቲፋይ (እቃው ምን እንደሆነ የሚያሳውቅ አስማት) ለማድረግ 100 ጎልድ የሚያወጣ ሉል ያስፈልጋል፣ እሱ ግን አያልቅም አንዴ ከተገዛ በቃ። ሪቪቪፋይ (የሞተን የሚያስነሳ አስማት) ደግሞ 300 ጎልድ የሚያወጣ አልማዝ ይበላል፣ ያውም ሰውዬው በሞተ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ አልማዙ አስቀድሞ ክሌሪኳ (ፈዋሿ ካራክተር) ቦርሳ ውስጥ መኖር አለበት። የጋራ ኪስ ከሌለ ይሄን ሁሉ ክሌሪኳ ከራሷ ድርሻ ትገዛለች፣ ሌሎቹ በሷ ገንዘብ ይነሳሉ፣ እሷም በይሉኝታ ዝም ትላለች። እኩል ተካፍለው ፍትሀዊ ያልሆነ ክፍፍል ማለት ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ አንዳንድ ዲኤሞች ታሪኩን ወደኛ አገር አምጥተው በጎልድ ፈንታ ጠገራ ብር፣ በኮፐር ፈንታ አሞሌ ጨው ያደርጋሉ፣ በጣም ደስ ይላል። ግን ታሪኩ በአፄ ፋሲል ጊዜ የሚካሄድ ከሆነ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ላይ ያለው 1780 የሚለው የፈረንጆች አመት ከሳቸው ዘመን ከመቶ አመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ስለሆነ ወርቅና አሞሌ ብቻ መጠቀም ይሻላል። አሞሌ ደግሞ ከባድ ነው፣ ክብደት መቁጠር አትርሱ።

አሁን ወደ አይተም። ምን እንደሆነ ያልታወቀ እቃ አትካፈሉ። አይደንቲፋይ አድርጉት ወይም አንድ ሰው ሾርት ሬስት (አጭር እረፍት) ላይ ይዞት ይቀመጥ፣ በአምስተኛው ኤዲሽን አንድ ሰዓት ትኩረት አድርጎ ከያዘው ባህሪውን ያውቃል (እርግማን ካለበት ግን ይሄ ላይነግራችሁ ይችላል)። ከዛ አቱንመንት (እቃው አስማቱን እንዲሰጥ ካራክተሩ ከሱ ጋር መተሳሰር) ይፈልጋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ካራክተር በአንድ ጊዜ ከሶስት አይተም በላይ አቱን ማድረግ አይችልም፣ ስለዚህ ሶስቱን የሞላ ሰው አራተኛ ቢወስድ ወይ አንዱን ይጥላል ወይ ቦርሳው ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ሁለቱም ለፓርቲው አይጠቅምም።

ከዚህ በኋላ ወረፋ ነው፣ እኔ ከሁሉም የማምነው ዘዴ ይሄ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ዲ20 (ባለ 20 ገጽ ዳይስ) ይወረውራል፣ በወጣው ቁጥር ስማችሁ ከላይ ወደታች ደብተሩ ላይ ይጻፋል። አይተም ሲገኝ ደብተር ያዡ ከላይ ጀምሮ በስም እየጠራ "ካራክተርህ አሁን ይጠቀምበታል? ትወስደዋለህ?" ይላል። መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ ነው። የወሰደ ሰው ስሙ ተሰርዞ መጨረሻ ላይ ይጻፋል፣ አይ ያለ ደግሞ ቦታው እንደተጠበቀ ይቆያል። "ግዴለም ለሱ ይሁን" ያለም ተራው አይጠፋበትም፣ እና ይሄ ነው ትልቁ ነገር፣ ዛሬ ያለፈ ሰው ነገ መጀመሪያ ይጠየቃል፣ ማንም ሳይለምን። ጥያቄውን ሰው አይደለም የሚጠይቀው ደብተሩ ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚህ አዎ ማለት ማንንም አያሳፍርም።

ወረፋው ላይ የሚቆጠረው በቋሚነት የሚቆይ እቃ ብቻ ይሁን። ፖሽንና ስክሮል (አንዴ ተነቦ የሚያልቅ የአስማት ጽሁፍ) አይቆጠርም። ፖሽንን ደግሞ ለክሌሪክ አትከምሩ፣ ራሱን የሳተ ሰው ፖሽን መጠጣት አይችልም ሌላ ሰው ነው የሚያጠጣው፣ ክሌሪኳ ከወደቀች ፖሽኑ ሁሉ ከሷጋ ወደቀ ማለት ነው፣ ስለዚህ ለየሰዉ አንድ አንድ።

ለሁሉም ነገር ዳይስ እንወርውር የሚሉ አሉ። አልስማማም። አንድ ውርወራ ብቻውን ሲታይ ፍትሀዊ ነው፣ ግን እድል የቀናው ልጅ ሶስት ሴሽን (የጨዋታ ቀን) በተከታታይ ሊወስድ ይችላል፣ ዊዛርዱ (አስማተኛው ካራክተር) ከባድ ጥሩር ደርሶት ፋይተሩ የአስማት በትር ታቅፎ ይቀመጣል። ዳይስ እኩል ለእኩል የሆነን ነገር ለመለየት ነው መዋል ያለበት።

ሁሉንም ሸጠን እንካፈል የሚሉም አሉ። እሱም ኪሳራ ነው፣ በህጉ መሳሪያና ጥሩር ሲሸጥ ግማሽ ዋጋ ነው የሚያወጣው፣ ሙሉ ዋጋ የሚያወጣው የከበረ ድንጋይና ጌጥ ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውሰዳችሁ በፊት ከፓርቲው ውስጥ በዛው በግማሽ ዋጋ የሚገዛ ካለ ጠይቁ። እሱ በርካሽ አገኘ፣ ሌላው ደግሞ ነጋዴ ይከፍለው የነበረውን ያህል አገኘ።

በጣም ትልቅ ነገር ሲመጣ፣ ሁለት ሶስት ሰው ከልቡ የሚፈልገው ሰይፍ ምናምን ሲሆን፣ የታጠፈ ወረቀት ተጠቀሙ። እያንዳንዱ ሰው እቃው ለሱ ስንት ጎልድ እንደሚያወጣ ለብቻው ጽፎ ያጥፋል፣ ሁሉም አንድ ላይ ይከፈታል። አራት ሰዎች 400፣ 200፣ 120 እና 80 ጻፉ እንበል። ሰይፉ 400 ለጻፈው ነው። እያንዳንዱ ሰው ይገባኛል የሚለው የጻፈውን አንድ አራተኛ ነው፣ ማለትም 100፣ 50፣ 30፣ 20። ሰይፉን የወሰደው 400 የሚያወጣ ነገር ስለያዘና የሱ ድርሻ 100 ስለሆነ 300 ጎልድ መሀል ላይ ያስቀምጣል። ሌሎቹ ከዛ ላይ 50፣ 30 እና 20 ያነሳሉ፣ 200 ይተርፋል፣ እሱን ለአራት 50 50 ይካፈሉታል። መጨረሻ ላይ ባለሰይፉ 250 ከፈለ፣ ሌሎቹ 100፣ 80 እና 70 አገኙ። እዩት፣ እያንዳንዱ ሰው ራሱ ይገባኛል ካለው በ50 ጎልድ በላይ ነው ያገኘው! ገንዘቡ የሌለው ሰው ከሚቀጥለው ሉት እየተቀነሰበት ይክፈል፣ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ሁሌ ሀብታሙ ካራክተር ነው የሚያሸንፈው።

አንድ ትልቅ ክምችት ካገኛችሁ ግን ከቅርጫ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ለበአል በሬ ሲታረድ እንዴት ነው የምናደርገው? ከዳቢቱም ከሽንጡም ከጉበቱም ከሻኛውም በየመደቡ ትንሽ ትንሽ ይደረጋል፣ መደቦቹ እኩል መሆናቸውን ሁሉም ዞሮ አይቶ ካመነ በኋላ ነው እጣ የሚጣለው። እዚህም እንደዛ። አራት ሰው ብትሆኑ አራት መደብ ሥሩ፣ አንዱ ፕላስ 1 ሎንግ ሶርድ (አስማት ያለበት ረጅም ሰይፍ) ብቻውን፣ ሁለተኛው የኤልፍ ካባ ከ100 ጎልድ ጋር፣ ሶስተኛው አራት ሂሊንግ ፖሽንና 200 ጎልድ የሚያወጣ ድንጋይ፣ አራተኛው 450 ጎልድ። ከዛ እያንዳንዱን ሰው "ከነዚህ የትኛውም ቢደርስህ ቅር ይልሃል?" ብላችሁ ጠይቁ። ቅር የሚለው መደብ ካለ እሱ ላይ ጨምሩበት ከሌላው ቀንሱ። ሁሉም እሺ ሲል እያንዳንዱ የሆነ ምልክት ያዋጣል፣ ቁልፍም ሳንቲምም ይሁን፣ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው፣ ዲኤሙ ዞር ብሎ ቆይቶ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። እጣው ከወጣ በኋላ መለዋወጥ ይቻላል፣ ሰይፉ ዊዛርዱጋ ቢወጣ ፋይተሩ የደረሰውን መደብ ይዞ ይመጣና ይስማማሉ።

መሰራረቅን በተመለከተ፣ ሮግ የሚጫወት ልጅ ከሳጥኑ ደብቆ ሲያስቀርና "ካራክተሬ ሌባ ነው እኮ ምን ላድርግ" ሲል እኔ አልቀበለውም። ካራክተሩን የፈጠረው እሱ ነው፣ ሌቦች ከጓዶቻቸው የማይሰርቁበት ሺህ ምክንያት መፍጠር ይችላል። የሚፈቀደው ሁሉም ከመጀመሪያው አዎ ካለ ብቻ ነው፣ አንድ ሰው እንኳ ካልፈለገ አይሆንም።

የቀረ ሰውስ? ጥምቀት አለ፣ የዩኒቨርስቲ ፈተና አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሰው ይቀራል። ካራክተሩን ሌላ ሰው ካጫወተለት ሙሉ ድርሻውን ይውሰድ፣ አደጋው ላይ ነበረበታ። ካራክተሩ ጭራሽ ካልነበረ ሳንቲም የለውም፣ ወረፋው ላይ ያለው ቦታ ግን አይነካም።

ዲኤም ከሆናችሁ ክፍፍሉ ውስጥ ዳኛ አትሁኑ፣ ግን ደብተሩን አልፎ አልፎ እዩት። ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ምንም ያልወሰደ ልጅ ካለ ለሱ ካራክተር ብቻ የሚሆን ነገር የሚቀጥለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ታናሽ ወንድማችሁ ወይም የቤቱ ባለቤት ልጅ ጠረጴዛው ላይ ካለ ደግሞ ይሄን በተለይ ተጠንቀቁ፣ ለሱ ባታደሉም ያደላችሁ ይመስላል።

የሞተ ካራክተር ማጂክ አይተሙ ወደ ፓርቲው ተመልሶ በወረፋው ይሰጣል፣ ሳንቲሙ በህይወት እያለ ላስመዘገበው ሰው ይሄዳል፣ እናቱም ገዳምም ይሁን። ሁሉም እቃ ፓርቲው ውስጥ ቀርቶ አዲሱ ካራክተር ደግሞ ዲኤሙ በሰጠው ሙሉ እቃ ከመጣ ፓርቲው በሞት ሀብታም ይሆናል፣ ያ ጌሙን ያበላሻል። አዲሱ ካራክተር ወረፋው ላይ መጨረሻ ይገባል፣ ከጋራ ኪስ ሁለት ሂሊንግ ፖሽን ይሰጠዋል፣ ከዛ ሴሽን ጀምሮ ከሚገኘው ሳንቲም ደግሞ እንደማንም እኩል ይካፈላል።