ተከዜና ማላካይት የተባሉትን ወፎች በአንኮበር ጉም ውስጥ መለየት

አንኮበር ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ስወጣ፣ አጥሬ ጥግ ከበቀለው ራስ ክምር ላይ አንድ ጥቁር ወፍ አገኛለሁ። ምንቃሩ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ ነው፤ ከጭራው መሀል ሁለት ቀጫጭን ላባዎች ረዝመው ወጥተዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተሬ ላይ «ጥቁር» እያልኩ መዘገብኩት፤ ለተማሪዎቼም እንደዚያው ነገርኳቸው። በጥቅምት አንድ ጠዋት ፀሐይ ጉሙን ሰንጥቃ ወጣችና ወፉ አንገቱን ዞር ሲያደርግ ደረቱ ሐምራዊ ሆነ፤ ራሱ ደግሞ ናስ የተቀባ አረንጓዴ መሰለ። ተከዜ የሚባለው ወፍ ነበር። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ያልኩትን አረምኩ።

እነዚህን ወፎች በስልኩ ቀርጾ «ሃሚንግበርድ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሃሚንግበርድ በዱር የሚኖረው በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ነው፤ አየር ላይ ቆሞ ይቀስማል። የኛዎቹ፣ ተከዜም ማላካይትም፣ ሌላ ወገን ናቸው፤ ሰንበርድ ይባላሉ። አልፎ አልፎ አየር ላይ ቢንሳፈፉም፣ አብዛኛውን ጊዜ አገዳው ላይ ተቀምጠው ነው ምንቃራቸውን የሚሰዱት። ለእኛ ይህ ጥሩ ነው፤ ለማየት ጊዜ ይሰጡናል።

ተከዜ ስሙን የወሰደው ከወንዛችን ነው፤ ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው በ1814 እ.ኤ.አ. ነው። ማላካይት የተሰየመው በአረንጓዴው የመዳብ ድንጋይ ነው፤ ወንዱም ሲያምርበት ከራስ እስከ ጭራ እንደዚያ ድንጋይ ነው። ሁለቱም ወንዶች ረጅም ጭራ ስላላቸው ጭራ አይለያቸውም። ላባው የሚያንጸባርቅ፣ ጭራው አጭር፣ ሆዱ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወንድ ካያችሁ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ እለፉት።

በጉም ሁለቱም ጥቁር ናቸው። የላባው ማንጸባረቅ ከቀለም ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የላባው ውስጣዊ አሠራር ብርሃኑን ሲመልሰው ነው የሚታየው። ስለዚህ ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፤ ወፉ እስኪዞርም ታገሡ። ሐምራዊ ብልጭታ ካያችሁ ተከዜ፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ ካያችሁ ማላካይት።

ብርሃኑ እምቢ ካለ ከክንፉ ሥር፣ ደረቱ ጎን ላይ ተመልከቱ። ማላካይት እዚያ ቢጫ ላባ አለው፤ ተከዜ የለውም። ማላካይቱ ቢጫውን አብዛኛውን ጊዜ በክንፉ ይሸፍነዋል፤ ሌላ ወንድ ሲመጣበት ወይም ሴቷን ሲያባብል ነው የሚያወጣው። እንግዲህ ቢጫውን ካያችሁ ነገሩ አለቀ፤ ካላያችሁ ግን ተከዜ ነው ማለት አይደለም። እኔ አንዱን ከእሬት አበባ ሥር ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ነው ያየሁት፦ ሌላ ወንድ መጣ፣ ደረቱን ነፋ፣ ቢጫው ከግራም ከቀኝም ብቅ ብሎ ወዲያው ጠፋ።

ሴቶቹ ይከብዳሉ። ፊታቸውን እዩ። የተከዜ ሴት ኩል የተኳለች ትመስላለች፤ ከምንቃሯ በዓይኗ በኩል ጥቁር መስመር ያልፋል፣ ከላይና ከታች ደግሞ ነጣ ያለ መስመር ያጅበዋል። ሆዷ ደብዘዝ ያለ ነው። የማላካይት ሴት ፊቷ ያን ያህል አይጎላም፣ ሆዷ ወደ ቢጫ ያደላል። ከመራቢያው ጊዜ ውጭ የማላካይት ወንድም ላባውን ጥሎ ሴት ይመስላል፤ ቡናማ ገላው ላይ እዚህም እዚያም የቀረ አረንጓዴ ጠቃጠቆ ያጋልጠዋል።

ቦታን ማስረጃ አታድርጉ። ተከዜ ከዛፍ ዳርና ከጓሮ አይርቅም፣ ማላካይት ገላጣ ተዳፋት ይወዳል፤ ነገር ግን አንድ እሬት ላይ ሁለቱንም ልታገኙ ትችላላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ቡናማዋ ወፍ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቀስማ በረረች። ደብተሬ ላይ «ሴት፤ ፊቷ አልታየም» ብዬ ነው የጻፍኩት።